በሮቹ ዝም ያሉ ዕለት

የመኪናዬ በሮች ሁለት ብቻ ነበሩ። ጩኸታቸው ግን የአንድ ቀበሌ በር ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢንኳኳ የሚወጣውን ያህል ነበር። የግራው «ኳ» ሲል የቀኙ «ቋ» ብሎ ይመልስለታል፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ሁለቱ ተደራርበው የሚሉትን ነገር ስድስት ዓመት ሙሉ ሰምቼው ዛሬም ልጽፈው አልችልም። «መኪናዬ» ስላችሁም አትመኑኝ። መኪናዋ የአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ነበረች፤ እኔ ሹፌሯ ነበርኩ። በዚያ በደርግ ዘመን ሰው ደፍሮ «የእኔ» ሊለው የሚችለው የራሱን የጥርስ ሕመም ብቻ ነበር፤ እሱንም ቢሆን ስብሰባ ላይ ካላነሡበት ነው።

ከጂንካ ጨው፣ ሳሙናና በቆሎ ጭኜ ቀይ አፈር፣ ከዚያም ዲመካ እወርዳለሁ። መንገዱ ሲፈቅድ እስከ ኦሞራቴ እዘልቃለሁ፤ ስመለስ ቆዳና ማር አመጣለሁ። የመኪናዋ ክላክስ ከሞተ ዓመታት አልፈውት ነበር፤ መሞቱን ግን ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም። ምን ያደርግላቸዋል? የሐመር እረኞች ኳኳታውን ከኮረብታ ማዶ ሰምተው ፍየሎቻቸውን ከመንገድ ያወጣሉ። የዲመካው ዕቃ ቤት ጠባቂ ሰምቶ ከእንቅልፉ ይነሣና ፊቱን ታጥቦ ሱቁን ይከፍታል። ጂንካ ስመለስ ደግሞ ሚስቴ ወርቅነሽ ከአውሮፕላን ሜዳው ማዶ ሰምታኝ ወጡን ትጥዳለች፤ እኔ መኪናዋን አቁሜ እጄን እስክታጠብ ወጡ ይፈላል። በእኛ ቤት ሰዓት የሚባል ነገር አያስፈልግም ነበር።

የበሮቹ ትልቁ ውለታ ግን ይህ አይደለም። እኔ ነገር የማላሳድር ሰው ነኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «የዚህ ልጅ አፍ መዝጊያ የለውም» ትል ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ውይይት ክበብ ተቀምጠን ኑሯችን እንዴት እንደ ተሻሻለ ሲነገረን መልሱ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና እውጠዋለሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ዝንቡ እንዳይገባ ብላችሁ ስትዘጉት ውስጥ የቀረው ነገር መውጫ ያጣል። የእኔ መውጫ ጋቢናዋ ነበረች። በሮቹ ሲጮኹ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ቢጯጯሁም አይደማመጡም። ስለዚህ ከጂንካ እንደ ወጣሁ የሳምንቱን ውዝፍ መልስ በሙሉ ድምፄ አወርደዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ማንም ይሁን ማን ስለ እሱ የማስበውን እዚያው እነግረዋለሁ፤ እሱም ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ እያየ በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል።

ከሁሉም የሚደላኝ የማኅበራችን ሊቀ መንበር ሲሳፈር ነው። ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል «አንተ ሌባ» እለዋለሁ። «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ማለቱን ከከንፈሩ አውቃለሁ። ባለፈው ክረምት ከዲመካ ጭኜ ያመጣሁትን አራት ጀሪካን የማኅበር ማር የራሱ ጓዳ ውስጥ እንዳስገባው አስታውሰዋለሁ። ፈገግ ይላል። አንድ ቀን ወንዝ ዳር ስንቆም ሁልጊዜ የምዘፍነው ምን እንደ ሆነ ጠየቀኝና ስለ ሀገር ነው አልኩት። በጣም ደስ አለው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ የንቃቴ ደረጃ ከፍ ማለቱን ተነሥቶ መሰከረልኝ።

በዚህ መብት የምጠቀመው እኔ ብቻ አልነበርኩም። ጎረቤቴ ጋሽ ጦና ከወላይታ መጥተው ጂንካ የከረሙ አናጢ ናቸው። ጴንጤ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ የማኅበራችን የበቆሎ መጋዘን ሆኗል፤ በቆሎውን ወስጄ የማራግፈው ደግሞ እኔው ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ እንጨት ፍለጋ አብረውኝ ቀይ አፈር ሲወርዱ በሮቹ ገና መጮኽ ሲጀምሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘምራሉ። እኔ እሳደባለሁ፣ እሳቸው ይዘምራሉ፤ አንዳችን የሌላውን ሳንሰማ ሁለታችንም ቀለል ብሎን እንደርሳለን።

እንግዲህ አንድ ዓርብ ሊቀ መንበሩ ቤቴ ድረስ መጣ። ሰኞ ከአርባ ምንጭ ትልቅ ካድሬ በአውሮፕላን ይመጣሉ፣ የዲመካውን ሱቃችንን ሊያዩ በጋቢና ይሄዳሉ አለኝ። በመንገድ ላይ እሱ የቃል ሪፖርት ያቀርብላቸዋል። በሮቹ እንዲህ እየጮኹ ሪፖርቱን ማን ይሰማዋል? እስከ ሰኞ ዝም ካላሰኘኋቸው መሪውን ለእህቱ ልጅ እንደሚሰጠው ነገረኝና ሄደ።

የእህቱ ልጅ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። ወደፊት ይነዳል እንጂ የኋላ ማርሽ ማስገባት አይችልም፤ ዘመኑ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው ይወድ ነበር። ለሌላ ሹፌር የምትተርፍ ሌላ መኪና ጂንካ ውስጥ የለችም። ከመሪው ከወረድኩ የሚጠብቀኝ መጋዘን ገብቶ ኩንታል መሸከም ነው፤ የእኔ ወገብ ደግሞ ከስድስት ዓመት የዲመካ መንገድ የተረፈ ወገብ ነው። ስለዚህ ቃል ገባሁ። እዚህ ላይ ብልህ ሰው ቢሆን ቆም ብሎ ያስባል። በሮቹ ዝም ሲሉ ቀጥሎ የሚሰማው የማን ድምፅ እንደ ሆነ ያስባል። እኔ ያሰብኩት ስለ ብሎን ብቻ ነበር።

የሚታመን ጋራዥ ያለው አርባ ምንጭ ነው። እዚያ ለመድረስ የፈቃድ ደብዳቤ፣ ደብዳቤውን ለማግኘት ስብሰባ፣ ስብሰባውን ለማግኘት ደግሞ ሊቀ መንበሩ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቤቴ ላደርገው ቆረጥኩ። ቅዳሜ ጧት መኪናዋን ወደ ኋላ እያስኬድኩ ግቢ አስገባኋት፤ ችሎታዬን ለጎረቤት ለማሳየት ስል ከአጥሩ ላይ ሦስት እንጨት ሰበርኩ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳና መዶሻ ይዤ በሮቹን ከነማጠፊያቸው ፈታኋቸው። መፍታት እንኳ አልነበረም፤ የዛገውን ብሎን በመዶሻ ስለምነው ቆይቼ በመጨረሻ በእግሬ ነው የተገላገልኩት። ሁለቱንም በሮች ሣሩ ላይ አጋደምኳቸው። ወርቅነሽ ወጥታ አየችና ተመልሳ ገባች፤ ቀጥሎ በርበሬዋን በሰፌድ ይዛ መጥታ የግራው በር ላይ አሰጣችው። ብረቱ ፀሐይ ስለሚይዝ እስከ ሰኞ ይደርቅልኛል አለች። እስከ ሰኞ በሩ እንደሚያስፈልገኝ ስነግራት ቀኙን ሥራበት ብላኝ ሄደች።

ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ነው። በእኛ ደጃፍ የሚያልፈው ሰው ሁሉ በር የሌላትን መኪና ሲያይ ይገባል። ጂንካ ውስጥ መኪና ያለው ሰው በጣት ይቆጠር ነበር፤ ስለ መኪና የማያውቅ ሰው ግን አንድም አልነበረም። ከደጋ የመጣ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ነገሩ በሩ ላይ ብርድ ልብስ አጣብቆ በመዝጋት እንደሚያልቅ አስረዳኝ፤ ብርድ ልብሱ ከእሱ ሱቅ ይገኛል። አንዲት ቅቤ ሻጭ ደግሞ የሚጮኽ ነገር ሁሉ የሚጮኸው ደርቆ ነው አለችኝ። ይህ አሳመነኝ። ግራሶ አልነበረኝም፤ ቅቤ ገዝቼ ማጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ቀባኋቸው። እጄን ታጥቤ ስመለስ የሰፈሩ ውሾች በሙሉ ተሰልፈው ማጠፊያ ይልሳሉ። እነሱን ሳባርር ዝንቡ ቦታቸውን ያዘ። ከዚያ በኋላ ያቺ መኪና በሞቀ ቀን ሁሉ የሠርግ ቤት ትሸት ነበር።

ቀጥዬ ከአሮጌ ጎማ ውስጥ ከመነዳሪውን፣ አየር የሚሞላውን ላስቲክ፣ አወጣሁና በቁመቱ እየቀደድኩ የበሩን ዳርቻ ሁሉ ለበጥኩት። በጣም አምሮ ነበር። በሩን ወደ ቦታው መልሼ ብገፋው ግን አልዘጋ አለኝ። ወደ ውስጥ ገባሁና በሁለት እጄ ይዤ በሙሉ ኃይሌ ሳብኩት፤ ተዘጋ። አሁን ደግሞ አልከፈት አለ። በወዲያኛው በኩል በር ባለመኖሩ እግዚአብሔርን አመስግኜ ወጣሁ። ምክር ሊሰጡኝ የመጡት ሰዎች ይህን ካዩ በኋላ ወደ ገበያው አልሄዱም፤ ከገበያው ይህ ይሻላል ብለው ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ጦና መላጊያቸውን ይዘው መጡ። በር በር ነው፣ የእንጨት ይሁን የብረት እኔን አያግደኝም አሉ። ተንበርክከው ጆሯቸውን በሩ ላይ አድርገው እንደ ሐኪም በጣታቸው እያንኳኩ አዳመጡት። ከዚያ በሽታው ማጠፊያው ላይ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሆዱም ውስጥ እንዳለ ነገሩኝ። የውስጡን ክዳን ስንፈታው በመስኮቱ ቀዳዳ ለዓመታት የወደቀው ነገር ሁሉ ተዘረገፈ፤ የጠርሙስ ክዳን፣ ማንኪያ፣ የአንዲት ሐመር ሴት የእጅ አምባር፣ ለውዝ። በመጨረሻ ጠፋ ተብሎ ሁለት ስብሰባ የተጠራበትና የማኅበሩ ጸሐፊ ግለ ሂስ ያደረገበት የሊቀ መንበሩ እስክሪብቶ ወጣ። አየሁትና መልሼ እዚያው ከተትኩት። ተገኘ ለማለት ሦስተኛ ስብሰባ ያስፈልግ ነበር።

ከዚያ ጋሽ ጦና ሥራ ጀመሩ። ማጠፊያዎቹ መካከል የፍየል ቆዳ ቆርጠው አስገቡ። ለእያንዳንዱ ክፍተት ሽብልቅ ላጉለት። የበሩን ሆድ አሮጌ ጆንያ ጠቀጠቁት፤ እኔ የለበጥኩትን ጎማ ቀንሰው መዝጊያው ላይ ብቻ ተዉት። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሮቹ ቦታቸው ተመለሱ። በሩን ገፋ ሳደርገው በቀስታ ሄዶ ተዘጋ። እንደገና ከፍቼ ዘጋሁት። ወርቅነሽን ጠርቼ እሷም ዘጋችው። ያን ቀን ሃያ ጊዜ ያህል በሩን ሳልከፍትና ሳልዘጋ አልቀረሁም።

ጋሽ ጦናን አሳፍሬ ለሙከራ የአውሮፕላን ሜዳውን ዙሪያ ዞርን። ሞተሩ ብቻ ቀስ ብሎ ያጉረመርማል። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ስንኝ በሙሉ ድምፅ አወጡ። ከዚያ በፊት ሲዘምሩ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር፤ እንዴት ያለ ድምፅ ነበራቸው መሰላችሁ። አጥሩ ጥግ የተቀመጠው የአብዮት ጠባቂ ቀና ብሎ አየን። ጋሽ ጦና ሳል ያነቃቸው መሰሉና አፋቸውን ያዙ። ሲወርዱ እጃቸውን በሩ ላይ አሳርፈው ቆዩ።

«ልጄ፣ አሁን እኮ ሰው ይሰማናል» አሉኝ።

ይስማን እንጂ፣ ጥበባችንን ይስማ አልኳቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእኔ ነው።

ሰኞ ላሞቹ ከሜዳው ተባረሩ፤ አውሮፕላኑ ሣሩ ላይ አረፈ። ካድሬው ቀጭን፣ ካኪ የለበሰ፣ የማይስቅና የማይናገር ሰው ሆኖ ተገኘ። እሱ መስኮቱ ጥግ ተቀመጠ፤ ሊቀ መንበሩ መካከላችን ገባ። በሩ ያለ ድምፅ ሲዘጋ ሊቀ መንበሩ ዞር ብሎ በአድናቆት አየኝ። ኩራቴ ለከት አልነበረውም። ወዲያው ሪፖርቱ ተጀመረ። የማኅበሩ አባላት ስብሰባ ሲጠራ እንዴት በደስታ እንደሚጎርፉ ተናገረ። እኔ መሪዬን ይዣለሁ፣ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው፣ ከጂንካ ወጥተን ሁልጊዜ መናገር የምጀምርበት ተራራ ሥር ነን። አፌ ስድስት ዓመት የለመደውን አደረገ።

«ለቀረው ጨው ስለምትከለክለው ነው» አልኩ።

ድምፄን ስሰማው የሌላ ሰው ድምፅ መስሎኝ ነበር። ሊቀ መንበሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ምን እንዳልኩ ሲጠይቀኝ ጨዉ፣ የጫንነው ጨው፣ ከኋላ የሚፈስ መሰለኝ አልኩት። ለማስመሰል መኪናዋን አቁሜ ወርጄ ጨዉን አየሁት። እዚያው ጎማው ሥር ሆኜ ነገሩ ገባኝ። ከፊቴ ሁለት ሰዓት መንገድ አለ፤ አጠገቤ በሕይወቴ አንድም ቀን ዝም ብዬው የማላውቅ ሰው ተቀምጧል፤ በሮቹ ዝም ብለዋል። ወርቅነሽ ለስንቅ የቋጠረችልኝ ቆሎ ትዝ አለኝ። አፌን በቆሎ ሞልቼ ተመለስኩ።

ቆሎ ጥሩ ነገር ነው። ሊቀ መንበሩ ስለ ሱቁ ሲያወራ ቆረጠምኩ። ስለ መሠረተ ትምህርት ሲያወራ ቆረጠምኩ። የእህቱን ልጅ ተስፋ የሚጣልበት ወጣት ብሎ ሲያነሣ በእፍኝ ቃምኩ። ካድሬው ዞሮ ሲያየኝ ጉንጮቼ እንደ ጦጣ አብጠው ነበር፤ ምናልባት የጥርስ ሕመም መስሎት ይሆናል። ግን ቆሎ ያልቃል፤ የሊቀ መንበሩ ወሬ አያልቅም። ቀይ አፈርን አልፈን ስንወርድ እጄን ኪሴ ብሰድ ጨርቁን ነካሁ። ሊቀ መንበሩም ልክ ያን ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማኅበሩ አባላት አራት ጀሪካን ማር ለግንባር ስንቅ በፈቃዳቸው ማበርከታቸውን አበሠረ።

«ማሩ ያለው አንተ ጓዳ ነው» አለ አፌ። «እኔው ነኝ ተሸክሜ ያገባሁት። ሚስትህ በርሜል ጀርባ አስቀምጠው ያለችኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ለመመለስ ሳልሞክር አልቀረሁም፣ ስለ ሌላ ማር ነው ልል ነበር፣ ግን ማን ያምነኛል? ሊቀ መንበሩ ፊቱ አመድ መሰለ። ካድሬው ራሱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ግራሩን ያያል። ከዚያ እስከ ዲመካ ድረስ በዚያ ጋቢና ውስጥ የተናገረ ሰው የለም። ድሮ ቢሆን ዝም ብንልም በሮቹ ይናገሩልን ነበር። አሁን የሊቀ መንበሩ ሆድ ሲጮኽ እንኳ በግልጽ ይሰማል። ፈራሁ። እየቀለድኩ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ሄደው ያልተመለሱ ሰዎችን አውቅ ነበር፤ ወርቅነሽ ብቻዋን ስትቀር ታየኝ።

ዲመካ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አንድ መታጠፊያ ላይ ፍየሎች መካከል ገባሁ። በጭንቅ ፍሬን ያዝኩ። የፍየሎቹ ባለቤት በርኮታውን፣ ያቺን ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ በእጁ እንደ ያዘ ተጠጋ፤ የማውቀው የሐመር ሽማግሌ ነው። ዘወትር መንገዱን አጽድቶ ቆሞ እጁን ያነሣልኝ ነበር። በመስኮቴ አጎንብሶ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን።

«ድምፅ የት ሄደ?» አለኝ። «ጅብ ነው እንደዚህ የሚመጣ።»

ዲመካም ስንገባ እንደዚያው ሆነ። ለካ ሊቀ መንበሩ የአቀባበል ፕሮግራም አዘጋጅቶ ኖሯል፤ የመኪናው ኳኳታ ሲሰማ ሕዝቡ ወጥቶ እንዲሰለፍ፣ ሱቁ እንዲከፈት፣ ዕቃው ከፊት እንዲደረደር በሮቹን ዝም አሰኝ ከማለቱ አስቀድሞ መልእክት ልኮ ነበር። ማንም ምንም አልሰማም። ካድሬው ወርዶ ሱቁን ሲያንኳኳ የከፈተለት ዕቃ ቤት ጠባቂው ነው፤ በባዶ እግሩ፣ ከበቆሎ ጆንያ ላይ ተነሥቶ፣ የጆንያው መስመር ጉንጩ ላይ ታትሞ። መደርደሪያው ላይ አንድ ሳሙና ነበረ። እሱም ዕቃ ቤት ጠባቂው ጧት የታጠበበት የራሱ ሳሙና ነው፤ ገና አልደረቀም።

በማግስቱ ጧት የሞተሩን ውሃ ስሞላ ካድሬው ብቻውን ወደ እኔ መጣ። ሊቀ መንበሩ ከሩቅ ቆሞ ያየናል። ሰዓቴ ደረሰ ብዬ ውሃውን አስቀመጥኩ። ካድሬው ግን በሩን ከፍቶ ዘጋው፤ እንደገና ከፍቶ ዘጋው።

«ይህ በር ድሮም እንዲህ ነበር?» አለኝ።

ለእሱ ክብር ስንል እንደ ጠገንነው፣ ከዚያ በፊት ጋቢና ውስጥ ምንም ነገር እንደማይሰማ ነገርኩት።

«ምንም?»

«ምንም፣ ጓድ። ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ቢሰደብ እንኳ አይሰማም።»

ይህንንም ያለው አፌ ነው። ካድሬው ግራና ቀኙን ተመለከተ። ከዚያ ዝግ ብሎ «ያስገባችሁበትን ሁሉ አውጣው» አለኝና ሄደ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ሁለት ቀን የፈጀብንን ጥገና ለማበላሸት ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። የጋሽ ጦናን ሽብልቆች ግን ለልፋታቸው ክብር ስል ኪሴ ከተትኳቸው።

ረቡዕ ስንመለስ ሊቀ መንበሩ ጋቢና ሊገባ እግሩን ሲያነሣ ካድሬው መሪ ከሕዝብ መራቅ እንደሌለበት አስታወሰው። ከዲመካ የተሳፈረው ሕዝብ ከኋላ ቆዳው ላይ ተቀምጦ ነበርና ሊቀ መንበሩም ወጥቶ ቆዳው ላይ ተቀመጠ። ያልደረቀ የፍየል ቆዳ በፀሐይ ምን እንደሚሸት ለማያውቅ ሰው አልገልጽም።

ከዲመካ እንደ ወጣን በሮቹ ጀመሩ። ካድሬው መጀመሪያ ዝም ብሎ መንገዱን አየ። ከዚያ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በጎኔ አየሁት። ጸሎት መስሎኝ ነበር፤ ካድሬ አይጸልይም ብዬ ተውኩት። አፉ እየሰፋ፣ የአንገቱ ሥር እየተገተረ መጣ። በጡጫው ጉልበቱን ይመታል። ይጮኻል፤ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት ላይ ተቀምጬ አንዲት ቃል አይሰማኝም። ለእኔ እንዳልሆነ ግን አወቅሁ፤ አንድ ጊዜም ወደ እኔ አልዞረም። እኔም በዚያ ቀን የራሴን ውዝፍ አላወረድኩም። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ መናገሩ ነውር መሰለኝ።

ቀይ አፈር ላይ ለሞተሩ ውሃ ስቆም ኳኳታው አብሮ ቆመ፤ እሱም አፉን ገጠመ። በቢሮ ድምፁ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ቀረን ጠየቀኝ። ነገርኩት። አመሰገነኝ። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ካቆመበት ቀጠለ። ፊቱ ላይ የሚወርደው ላብ ብቻ አልነበረም፤ ቢሆንም የማየው መንገዱን ነው።

ጂንካ ገብተን ወደ አውሮፕላኑ ለመድረስ የሜዳውን ሣር አቋረጥኩ። ሣሩ ለስላሳ ነው፤ በሮቹ ለአንድ አፍታ ዝም አሉ። እሱ አላስተዋለም። «ወንድሜን እኔው» የሚሉ ሁለት ቃላት በጋቢናው ውስጥ ጥርት ብለው ተሰሙ። ከዚያ ጎማው ቦዩን ረገጠና በሮቹ ጮኹ። ወንድሙን እሱው ምን እንዳደረገው አልሰማሁም። በዚያ ዘመን ግን እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ብዙ ትምህርት አያስፈልግም ነበር። እኔም ሊቀ መንበሩ ያደርግ እንደ ነበረው «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁ።

ስቆም በመሐረብ ፊቱን ጠረገና አቧራው አስቸገረ አለ። ኮሌታውን አስተካከለ። ሊቀ መንበሩ ከቆዳው ላይ ወርዶ፣ ሽታው ከፊቱ እየቀደመ፣ ወደ ቤቱ ሮጦ ሄዶ ሁለት ጀሪካን ማር አስይዞ መጣ፤ ለጥንቃቄ ሲባል እሱ ዘንድ ተቀምጦ የቆየ ነው አለ። የቀሩት ሁለቱ አሁንም ጥንቃቄ ላይ ናቸው ማለት ነው። ካድሬው ተሽከርካሪው በመልካም ሁኔታ ላይ እንዳለ፣ ሹፌሩንም ሆነ በሮቹን ማንም እንዳይነካ ሁላችንም እየሰማን ተናገረ። መሪው በዚህ ዓይነት በእጄ ቀረ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«መንገድ ላይ የሰማኸው ነገር አለ?»

«በሩ እየጮኸ ምን ይሰማል፣ ጓድ» አልኩት።

ጨበጠኝ፤ እጁ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ማሩን ለግንባር ይስጠው ለራሱ እንጃ፣ ሁለቱን ጀሪካን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ወደ አውሮፕላኑ ሄደ።

ሐሙስ ጋሽ ጦና ለእንጨት ሲሳፈሩ ሽብልቆቻቸውን መለስኩላቸው። በሩን ነቅነቅ አድርገው ኳኳ ሲል ሰሙትና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ረቡዕ ዕለት ግን ቤቴ ስገባ ወጡ ፈልቶ ጠበቀኝ። ወርቅነሽ ከሜዳው ማዶ ሰምታኝ ነበር። በላሁ። እሷ እየጠበቀች አየችኝ፤ እኔ ከመንገድ ስመለስ ስለ ሰው ሳላወራ በልቼ አላውቅም። ምን ሆነሃል አለችኝ። ምንም አልኳት። ያን ሁለት ቃል ለእሷም አልነገርኳት፣ ለሌላም ለማንም። እናቴ ብትኖር ይህን አታምነኝም ነበር።